በአንድ ዓይን የወጣው ወንድሜ

ወረታን አልወዳትም፤ እሷም አትወደኝም። እንዲህ ስል የአገሬ ሰዎች "እትብትህ የተቀበረባትን!" ብለው ይቆጡኛል። እትብቴ እንኳ የተቀበረው ወረታ አይደለም፤ ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጥቶ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ወረታ የገባሁት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጎንደር ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሙያውን ከለመድኩ በኋላ፣ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አልፎ ነበር፤ ጢሜ ግን ገና እየተለመነ ነበር የሚበቅለው።

ካሜራውን የገዛልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝም እሱ ነው። ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠና ያን ዓመት ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ አረሰ። ሚስቱ "በሬ ሸጦ ሣጥን ገዛ" እያለች ስትነዘንዘው "ዝም በይ፣ ይኸም ያርሳል" ይላት ነበር።

ስለ ወንድሜ አንድ ሌላ ነገር ከአሁኑ ልናገር። ወባ ይዞት አልጋ ላይ ከከረመ ወዲህ ግራ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም ነበር፤ ቀኙም በግማሽ ነው። ይህን የምናውቅ ሚስቱና እኔ ብቻ ነበርን። በእኛ አገር ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል ተብሎ ይተረትበታል፤ ሸንጎ ቢቀመጥ ቃሉን ከቁም ነገር የሚቆጥርለት የለም። ስለዚህ ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሰው ዝም ሲል ዝም ይላል። ኩሩ ሰው ነበር፤ ኩራቱ ግን ስንት ጣጣ እንዳመጣብን።

የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት አጠገብ፣ ጨርቅ ከሚሸጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ላይ ክፍል ተከራየሁ። ክፍሏ ወደ መንገድ የሚያይ መስታወት ያለው መስኮት ነበራት፤ እሱን አይቼ ነው የወደድኳት። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ቀን "ልጄ፣ የወረታ ሰው መሸጥና መግዛት እንጂ መታየት አይወድም፤ ተጠንቀቅ" አሉኝ። ሳቅሁባቸው።

ደንበኛ አልጠፋም። የሚመጣው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጠመንጃ ካለው ጠመንጃውን ይዞ፣ ግንባሩን ከስክሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "ሁለት ዓይኔም ሁለት ጆሮዬም ይውጣ" ይለኛል። ትንሽ ዘወር በሉ ብል ይቆጣል። እንጨት ሳነሳ የምውል ይመስለኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ቅዳሜ ገበያውን ነው፤ ኑግ የሚሰፍረውን፣ በሬ ሊገዛ አፉን ፈልቅቆ ጥርስ የሚያየውን፣ ጭቃ የዋጠውን የጭነት መኪና የሚገፋውን። ካሜራዬ ከደረት ላይ ሆኖ ከላይ ጎንበስ ተብሎ የሚታይበት ዓይነት ስለሆነ ሰው ማንሳቴን ቶሎ አያውቅም። ያወቀ ለት ግን ስድቡ አይጣል ነው። አንዲት ቅቤ ሻጭ "ምን ታነጣጥርብኛለህ፣ ዓይንህ ይጥፋ!" ብላ በእፍኟ ሙሉ አሬራ ፊቴ ላይ ደፋችብኝ። ገበያው ሁሉ እልል አለ። ሌንሱን ስጠርግ ዋልኩ፤ ለቅሶዬን ውጬ።

ከሁሉ በላይ የምጓጓው ዘፈን ለማንሳት ነበር። ዘፈን በፎቶ እንዴት ይነሳል? አዝማሪውን ብቻ ብታነሳው አፉን የከፈተ ሰው ነው፤ የሚያዛጋ ይሁን የሚዘፍን አይታወቅም። ብዙ ፊልም ካበላሸሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ዘፈኑ ያለው አዝማሪው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ሰዎች ላይ ነው፤ አንገታቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ፣ ወደ እሱ በሚያዘነብሉበት አኳኋን ላይ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንድ ጊዜ ቀናኝ። ምነው ባልቀናኝ!

በጥር ነው። የወንድሜ ጎረቤት የሆነ አንድ ባለጠጋ ልጁን ዳረ፤ የሙሽሪት አባት እያልኩ ልጥራው። ሰውየው በሀብቱ ይከበራል፣ በአንድ ነገር ግን ይታማል። በእኛ ሜዳ ርብ ወጥቶ ሲመለስ ደለል ያለብሰዋል፤ የወሰን ድንጋይ ይቀበራል፣ ወይም ይንሸራተታል። ውኃው ሲጎድል የሙሽሪት አባት ድንጋይ ሁልጊዜ የሚንሸራተተው ወደ ሰው መሬት ነው ይባላል። ፊት ለፊት የሚናገረው አልነበረም፤ ወንዶች ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ጠመንጃቸውም እንዲሁ።

ዳሱ ውስጥ ጠጁ ከዞረ በኋላ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ መሐል ገባ። ግጥም የሚሰጥ ሰው ጮክ ብሎ "ተቀበል!" ይላል፣ አዝማሪው ይቀበልና ይዘፍነዋል። ግጥሙ የሚነክስ ከሆነ ግን በጆሮው ይንሾካሾኩለታል፤ ሰጪውን መናገር ለአዝማሪ ነውር ነው። ወንድሜ ከአዝማሪው ጎን ተቀምጧል። ዘፈን ነፍሱ ነው፤ ያለችውን ግማሽ ጆሮ ወደ ማሲንቆው አስጠግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ያዳምጣል። ከአዝማሪው በዚያኛው ጎን የሙሽሪት አጎት፣ የባለጠጋው ታናሽ ወንድም አለ። ይህ አጎት ዲቁና ተምሮ ያቋረጠ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። እኔ ካሜራዬን ሳዞር ሌላው ሰው አላየኝም፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ያኔ ነው ያነሳሁት።

አዝማሪው ትንሽ ቆይቶ ዜማውን ቀየረና እንዲህ አለ፦

ርብ ሞልቶ ሲመጣ ከብት ይዞ ይሄዳል፤
የሙሽሪት አባት ድንጋይ ያስዋኛል።

መጀመሪያ ሳቅ ፈነዳ፤ ወንድሜም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። ግጥሙን እንዳልሰማ እኔ አውቃለሁ። የሙሽሪት አባት ፊቱ አመድ መሰለ። ልጆቹ አዝማሪውን ጎትተው አወጡት፤ "ማን ሰጠህ?" እያሉ ደበደቡት፤ ከሁሉ ብሶ የደበደበው ያ አጎት ነው፤ ማሲንቆውንም በእግሩ ረግጦ ሰበረው። አዝማሪው አፉ በደም ተሞልቶ "እኔ ክር ነኝ፤ የሰጡኝን ነው የምለው" ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሙሽሪት ያለ ዘፈን ሄደች። በሜዳው ላይ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠራጠር ጀመር። ሰጪው ከተገኘ ደም እንደሚፈስ ሕፃን እንኳ ያውቀው ነበር።

እኔ ፊልሙን አጥቤ ሳይ ግን ሠርጉን ረሳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። የማሲንቆው ድምፅ ወንድሜ ፊት ላይ ይታያል። በትልቁ አጠብኩትና ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ገበያተኛው አይቶ ያደንቀኛል ብዬ ነው። አድናቆቱ ከረፋዱ ላይ መጣልኝ።

የሙሽሪት አጎት ከመስኮቱ ፊት ቆሞ በዱላው መስታወቱን ያንኳኳል፤ ሰው ተሰብስቦበታል።

"እስቲ እዩ" ይላል፣ "እኔ ስንት ዓይን አለኝ? ሁለት። አዝማሪው ስንት ዓይን አለው? ሁለት። ይኸኛውስ?"

"አንድ!" አለ አንድ ጎረምሳ።

"አንድ ዓይን ያለው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን የሳማችሁ ሰዎች፣ ማን ነው?"

ሰዉ መልሱን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የደብራችንን ግድግዳ የሣሉት ከጣራ ገዳም የወረዱ ሠዓሊ ናቸው። ለጻድቃኑና ለሰማዕታቱ ሙሉ ፊትና ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጥተዋቸዋል። ገራፊዎቹን፣ ሰይጣናቱን፣ ከማዕዱ ላይ ደግሞ ይሁዳን፣ ከጎን አንድ ዓይን ብቻ አድርገው ሥለዋቸዋል። በእኛ አገር በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

"ከአዝማሪው ጆሮ ሥር ያለው ይሁዳ ይኸውና!" አለ አጎትየው። "ሰው ቢዋሽ የፎቶ መኪና አይዋሽም። የገዛ ወንድሙ መኪና አጋለጠው!"

ወጥቼ "ከጎኑ ስለነበርኩ ነው! ከጎን ከታየ ሁሉም ሰው አንድ ዓይን ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ? ጨርቅ ሻጩ ሽማግሌ "ልጄ፣ ግባና ዝጋው" እያሉ በክንዴ ይጎትቱኛል። የመጀመሪያው ድንጋይ መስታወቱን ሰባበረው። ፎቶውን አጎትየው ከስብርባሪው መሐል አነሣና በኩታው ሸፍኖ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙሽሪት አባት ልጆች ርብ መሻገሪያው ላይ ጠመንጃ ይዘው ይውሉ ጀመር። ወንድሜ ወደ እርሻው መውረድ አቃተው። ሽምብራው ደርሶ ማሳ ላይ ይረግፋል፣ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዱላ ይልጣል። በወረታ ደግሞ እኔን የሚያነጋግረኝ ጠፋ። ያነሳኋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ፎቷቸውን እያመጡ ደጃፌ ላይ ጣሉልኝ፤ ዓይናቸውን ቆጥረው ነው መሰለኝ። ያን ሕዝብ ያኔ ጠላሁት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሽማግሌዎች ከደብሩ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። የሙሽሪት አባት ከነወንድሙ በአንድ ወገን፣ ወንድሜ ብቻውን በሌላ ወገን። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

"ግጥሙን ሰጥተኻል?" አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

"አልሰጠሁም።"

"ታዲያ ከጆሮው ሥር ምን ትሠራ ነበር?"

ወንድሜ ዝም አለ። እያዳመጥኩ ነበር ቢል፣ ያን ያህል የምትጠጋው ደንቁረኻል ወይ ሊሉት ነው። ብድግ ብዬ ልናገር ስል ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ወንድሙ አልሆንም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ንዴቱ እንዴት እንደያዘኝ አልነግራችሁም። የምሆነውን አጥቼ ሽማግሌዎቹን በተራ አየኋቸው። እኔ ያለሁት ከጎናቸው ነው። እነሱ ወደ ወንድሜ ዞረው ይጨቃጨቃሉ። ትልቁ ሽማግሌ አንድ ዓይን ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ቄስ አንድ ዓይን ናቸው። የሙሽሪት አባት ራሱ አንድ ዓይን ነው። ካሜራዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። አቀርቅሬ የማዝን መስዬ አንድ በአንድ አነሳኋቸው። አጎትየው ብቻ ካሜራውን ጠርጥሮ አፍጥጦ ያየኝ ስለነበር ሁለት ዓይን ሆኖ ወጣ።

ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሜን ለመንኩት። በሚሰማው ጆሮው በኩል ዞሬ "አያ፣ ስለ ማርያም፣ ጆሮህን ንገራቸው። አንዴ ብትናገር ያልቃል" አልኩት።

"ደንቆሮ ተብየ ከምኖር ተተኩሶብኝ ልሙት" አለኝ። "አንተስ ብትሆን በዘፈኔ መሐል ምን አመጣኸ?"

ለሁለተኛው ቀጠሮ ያነሳኋቸውን አጥቤ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሲቀመጥ መሐል ገባሁና ፎቶዎቹን ሣሩ ላይ ደረደርኳቸው። "አባቶቼ" አልኩ፣ "መኪና አይዋሽም ካላችሁ እነሆ ይሁዳዎቹ። ቁጠሯቸው።"

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ተነሡብኝ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ እኔ እየነቀነቁ "አንተ ርጉም!" አሉ፤ አንዱ በከዘራው ትከሻዬን አቀመሰኝ፤ የሙሽሪት አባት "እኔን? እኔን በአንድ ዓይን?" እያለ ሽጉጡን ይፈልጋል። ከፊታቸው ሆኜ ደስ አለኝ፤ ወንድሜን የሚያየው ሰው አልነበረም። ጥላቻው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ይህንኑ ነበር የፈለግሁት።

ትልቁ ሽማግሌ ሁሉንም አስቀመጡ። የራሳቸውን ፎቶ አንሥተው ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት፣ ሌላኛው ዓይናቸው መኖሩን የሚያረጋግጡ ይመስል በጣታቸው ነኩት። "ይኸ ዕቃ ዓይን ይሰርቃል እንጂ አይመሰክርም" አሉ። "ምስክር አይዶለም። ሰውየው ይማል፣ ነገሩ ይለቅ።"

ወንድሜ ከደብሩ ደጃፍ ቆሞ ማለ። የሙሽሪት አባትም እያጉረመረመ ቂሙን ተወ። በእኔ ላይ ግን ፈረዱ። ፎቶዎቹ፣ ፊልሞቹም ከወረታ መጥተው፣ እዚያው ይቃጠሉ፤ እኔም ከእንግዲህ በዚህ በፎገራ ሜዳ ሠርግም ለቅሶም ላይ ካሜራ እንዳላነሳ። ኩበት አነደዱ። በእጄ አስጣሉኝ። የወንድሜ ፊት መጀመሪያ ከጠርዙ ተጠቀለለ፣ ከዚያ ማሲንቆው፣ ከዚያ ያ የሚያዳምጥ አንገቱ። ከዚያ የተሻለ ፎቶ ከዚያ ወዲህም አላነሳሁም። ወንድሜ ከጎኔ ቆሞ ሲያይ ቆየና "ሁለተኛ ያን ሣጥን ወደኔ እንዳታዞር" ብሎኝ ሄደ። አመሰግናለሁ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለም።

ጎንደር ገባሁ። እዚያም ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ። ወንድሜ ጋ በዓመት በዓል ስሄድ ካሜራዬን ጎንደር ትቼ ነበር የምሄደው። እሱም እንግዳ ልማድ አወጣ። ሲያናግሩት መላ አካላቱን አዙሮ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ማንንም በጎን አያይም። ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ጎንደር ጠጅ ቤት ውስጥ ያንን አዝማሪ አገኘሁት። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ዜማው በክፍተቱ እያፏጨ ይወጣል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ማሲንቆውን አስቀመጠ።

"ሰጪውን መናገር ነውር ነው" አለኝ። "ተደብድቤም አልተናገርኩም። ሰጪው ራሱ ከደበደበኝ ግን ምን ነውር አለው? እነዚህን ጥርሶች ያወለቀኝ ግጥሙን የሰጠኝ ሰው ነው። የሙሽሪት አጎት። የወንድሙ ድንጋይ የዋኘው በእሱ ድርሻ ላይም ነበር።"

መስታወቱን በዱላ ያንኳኳው፣ ዓይን ያስቆጠረው፣ በወንድሜ ላይ ሞት የጠራው ሰው! በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወርጄ ላጋልጠው ነበር። ግን የወንድሜ ልጆች ጎርምሰዋል፣ ጠመንጃም ይዘዋል። ብናገር በነጋታው የሚቀበረው ማን እንደሚሆን አይታወቅም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴንም ፈጀው።

ወንድሜ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ሞተ። ጎንደር በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ አልቃሹ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ እየያዘ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹን ያነሳሁት እኔው ነኝ። ለወንድሜ ኩታውንና ዱላውን ይዘው አለቀሱለት። የፎቶ አንሺ ወንድም ያለ ፎቶ ተቀበረ።

ለተዝካሩ ስወርድ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። የፈረዱት ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ ለማን ብዬ ልተወው? ዳስ ውስጥ ሰው በልቶ ሲጨርስ ያ አጎት መጣ። ሸብቷል፣ አፉ ግን ያው ነው። ከአጠገቤ ቁጭ አለና "ፎቶ የለውም እንዴ?" አለኝ። "አንተን የመሰለ ፎቶ አንሺ እያለው? ነውር አይዶለም?"

የወንድሜ ልጆች ማዶ ሆነው ያዩናል።

"እኔንስ አንሳኝ" አለ ቀጥሎ። "ነገ እንዲህ እንዳልቀር።" ኩታውን አስተካክሎ፣ ቀና ብሎ፣ ዓይኖቹን አፍጥጦ ፊት ለፊት ገጠመኝ።

ካሜራዬን ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ መስታወቱ ውስጥ ሳየው ሁለቱም ዓይኖቹ ቁልጭ ብለዋል።

"ወደ ጎን ይዙሩ" አልኩት።

"ምን?"

"ወደ ጎን ይዙሩልኝ። ጎንደር ያንን አዝማሪ አግኝቼዋለሁ። ጥርስ የለውም።"

ዓይኑ ወደ ወንድሜ ልጆች ሄደ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። እኔ ቀና አላልኩም፤ ጣቴ ማንሻው ላይ ነው። ብዙ ጠበቅሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ።

አነሳሁት። ጎንደር ወስጄ በትልቁ አጠብኩት። መጥቶ አልጠየቀኝም፤ ፎቶው እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ።